ቀልቤን የወሰድከው አንተ አይደለህም

ንፋስ መውጫ
ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ውድ ካሴ፣

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ነገር ግን ሰላምታውን ሳሳምር ዋናውን ረስቼ ወረቀቱን እንዳላጥፈው ስለምፈራ ዋናውን ላስቀድም። አብሾው አይደለም። ቀልቤን የወሰደው አንተ ያጠጣኸኝ አብሾ አይደለም። ይህን አንብበህ የቀረውን ብትጥለውም አልቀየምህም።

አሁን ሰላምታው። እንዴት ነህ? ሲማዳ እንዴት ናት? ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ያዘላችሁ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ገነት ደህና ናት፣ ልጃችን ጽዮን ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። እናቴም አለች፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ዛሬም አልደከመም። እኔ እዚሁ ንፋስ መውጫ ባጃጅ እነዳለሁ። "አንተ? ባጃጅ?" ብለህ ስትስቅ ይታየኛል። ሳቅ፤ የከተማው ሰውም ስቋል። ጤና ጣቢያ ያለኝን ሰው ገበያ ወስጄ አውርጃለሁ። አንድ ቀንማ የአንዲት ሴትዮ ጆንያ ከጫንኩ በኋላ ሴትዮዋን ሳልጭን ሄጄ፣ "ሌባ! ሌባ!" እያለች ስትከተለኝ አገር ምድሩ ተነሥቶብኝ ነበር።

ለምን አልደወልክም እንዳትለኝ። ደውያለሁ። ድምፄን ስትሰማ "ይቅር በለኝ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ሰው ይቅርታ ከለመነ መልሱን መስማት የለበትም? ደግሞም በስልክ ቢሆን ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ስዘል ዋናው ይጠፋብኝ ነበር። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ብባዝንም ያቆምኩበትን ተመልሼ አገኘዋለሁ።

እስከዚህ የጻፍኩትን ለገነት ባነብላት "ቆይ፣ አብሾ ምንድን ነው?" አለችኝ። የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ናት፣ ያደገችው ከመንግሥት ሠራተኛ ቤት ነው፤ ቃሉን የምታውቀው ሰው ሰክሮ ሲረብሽ "አብሾ አለበት" ሲባል ብቻ ነው። እኔም አስረዳኋት። የቆሎ ተማሪ ቀለም አልያዝ ሲለው አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣ የቅጠል ጭማቂ ነው፤ የከፈተለት አለ ይባላል፣ ያሳበደውም አለ፤ የጠጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ጠላና አረቄ መቅመስ የለበትም፣ ከቀመሰ ይነሣበታል አልኳት። አየችኝና "እና በሠርጋችን ቀን እንኳን ጠላ አልቀምስም ያልከው ለዚህ ነው?" አለችኝ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት መናኝ መስዬያት ኖሯል።

ቤተልሔምን፣ ድጓ የተማርንባትን ደብር፣ መቼም አትረሳትም። የየኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ያ ሽማግሌ ወይራ፣ እኔና አንተ ሣር ያለበስናት ጎጆ። አንተ አንዴ የሰማኸው ቀለም አይለቅህም ነበር። ቁራሽ ለምነን ደክሞን ስንመለስ ድጓውን ስታነሣው እግራችን ድካሙን ይረሳል። እኔ ግን የኔታ ዜማውን እየመሩ ሲያስቀጽሉኝ ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኔ ጉንዳን ይከተላል። ጉንዳኑ ወዴት እንደሚሄድ ሳላውቅ ማደር አልችልም። "ምንይችል፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ በቅሏል እንዴ?" ይሉኛል የኔታ፣ ተማሪው ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ።

አንተ ብቻ አልተሰላቸህብኝም። ቁጭ ብዬ ያልያዝኩትን እየተራመድኩ እንድይዘው እስከ ወንዙ ድረስ አብረኸኝ ትመላለስ ነበር። እየሄድኩ ሲሆን ይገባኝ እንደነበር ታስታውሳለህ? ይህን በቅርቡ ለአንዲት ሐኪም ስነግራት "ጓደኛህ ማንም ሳያስተምረው ሕክምናውን ጀምሮልህ ነበር" አለችኝ። ወደ ሐኪሟ እመጣለሁ።

የጨነቀህ የኔታ "እስከ ትንሣኤ ካልያዝክ ወደ እናትህ ትመለሳለህ" ያሉኝ ጊዜ ነው። ከእኔ ይልቅ አንተ እህል አልቀምስ አልክ። ከዚያ ከሌላ ደብር የመጣ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ዘንድ ሄደህ ያን ነገር በቅል ይዘህ መጣህ። የቅጠሉን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ እንደ እኛ የጨነቀው ልጅ እጅ ይገባል። ይህን ግን እወቅልኝ፦ አስገድደኸኝ አይደለም። አንተ ጸሎትህን ሳትጨርስ ከእጅህ ነጥቄ ነው የጨለጥኩት። ተራ መጠበቅ መቼ ችዬ አውቃለሁ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታውቀው አንተ ነህ። ወይራው ጫፍ ላይ ወጥቼ ከሌለ ሰው ጋር ስሟገት ያወረድከኝ፣ ጠበል ያስገባኸኝ፣ እጄን ይዘህ የተቀመጥከው አንተ ነህ። ነፍሴ ስትመለስ መጀመሪያ ያየሁት ፊት የአንተ ነበር። ዳንኩ። ተመልሼ ስቀጽል ግን እንደ ድሮው ሦስተኛው መስመር ላይ ጠፋሁ። ሰው ሁሉ "አብሾው ቀልቡን ወሰደው" አለ። "እንደ ድሮው ነው" ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም፣ እኔም አምኜ ነበር።

እናቴ ያን ጊዜ ያደረገችውን ሁለታችንም አንረሳውም። በየኔታ ደጅ ነጠላዋን አውርዳ፣ መሬቱን በእጇ እየመታች፣ "የልጄን ቀልብ ያጠፋህ፣ ያንተም ቀለም ይጥፋ!" ብላ ረገመችህ። አንተ ብድግ ብለህ፣ የኔታና ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ "የምንይችል ቀልብ እስኪመለስ ድጓ በአፌ አይዞርም" ብለህ ተሳልክ። ወዲያው ሲማዳ ወረድክ። ለመመረቅ ጥቂት የቀረው ሰው እርፍ ጨበጠ።

እርሻ ነውር አይደለም፣ የእኔም አባት ገበሬ ነበር። ነገር ግን ያ ድምፅ በሬ ለመጥሪያ ብቻ መዋሉ ይቆጨኛል። እኔማ በሄድኩበት ሁሉ ሰው "ተውት፣ አብሾ አጠጥተውት ነው" እያለ ምሬኛል። ምሕረቱ ሁሉ ለእኔ፣ ጥፋቱ ሁሉ ለአንተ ሆኖ ኖረ። እኔ እንኳን አንድ ቀን ቂም ይዤብህ አላውቅም፤ አንተ ግን ይህንንም እንድነግርህ ፋታ አልሰጠኸኝም።

ስልኬ ጮኸ። እንዳትደነግጥ፣ የሞላሁት ደወል ነው፤ "ደብዳቤው ላይ ነህ ወይስ ሌላ ቦታ?" ብሎ እንዲጠይቀኝ ነው። እውነቱን ለመናገር የባጃጁን መስታወት እየጠረግኩ ነበር። ተመለስኩ።

እንግዲህ ወደ ሐኪሟ። ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጥተው በጽዮን ትምህርት ቤት ጥናት ጀመሩ። በክፍል ውስጥ ቀልባቸው የማይሰበሰብ፣ አርፈው የማይቀመጡ ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ ለእነሱም እንደኛ ባለ አገር የትኛው ሕክምና እንደሚሠራ ለማወቅ ነው። የጽዮን መምህርት አስጠራችን። ጽዮን የሒሳብ ትምህርት መሐል በመስኮት ወጥታ የዘበኛውን ዶሮዎች ስታደራጅ ተገኝታለች። ማደራጀት ያለችው ራሷ ጽዮን ናት፤ ነጩን ከነጭ፣ ቀዩን ከቀይ።

ዶክተር ፅጌ የጥናቱ ኃላፊ ናት፤ የአእምሮ ሐኪም ነች፣ ቀጠን ያለች፣ ሳቋ የሚዘገይ ሴት። ገነትና እኔን አስቀምጣ ስለ ጽዮን ትጠይቀን ጀመር። ሲያናግሯት የማትሰማ ትመስላለች ወይ? የጀመረችውን ሳትጨርስ ሌላ ታነሣለች? ዕቃ ትጥላለች? ተራ መጠበቅ ያቅታታል? እኔም እመልሳለሁ፦ "አዎ፣ የባጃጁን ቁልፍማ ስንቴ ጣልኩት፣ ወረፋ ከምጠብቅ ብራብ ይሻለኛል..."

"አቶ ምንይችል" አለችኝ፣ "የጠየቅኩህ ስለ ልጅህ ነው።"

"እኔስ ስለ ማን ነው የመለስኩት?"

"ስለ ራስህ። ደግሞ የመስኮቱን መዝጊያ ለምን እንደምትፈታው ልትነግረኝ ትችላለህ?"

ለካ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆሜ የላላውን መዝጊያ እያጠበቅኩ ኖሯል። ገነት ፊቷን ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። ዶክተሯም ዘግይታ ሳቀች።

ከዚያ ነገረችን። ችግሩን ኤዲኤችዲ ይሉታል። በአማርኛ ደግሞ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ነው አለች፤ እኔ ስሙን ሰምቼ ሳልጨርስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። እብደት አይደለም፣ ስንፍና አይደለም፣ የአሳዳጊ በደልም አይደለም። አንጎል ትኩረቱን የሚያዝበት መንገድ ለየት ሲል ነው፣ አብሮ የሚያድግ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም በዘር ይወርዳል አለች። ለጽዮን ደስ አለኝ፤ ስም ያለው ነገር መላ አለው። ለራሴ ግን ራሴን ነቀነቅኩ። "የእኔ ሌላ ነው" አልኳት፤ "የእኔ ከአብሾ ነው።"

አልሳቀችብኝም። ምን እንደጠጣሁ፣ መቼ እንደጠጣሁ ጠየቀችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ እንደነበር ነገርኳት።

"እንግዲያው ከዚያ በፊት እንዴት እንደነበርክ የሚያውቅ ሰው አምጣልኝ" አለች። "ልጅህ ያለባት አንተም ካለብህ፣ ምልክቱ ከአሥራ ሁለት ዓመትህ በፊት መታየት አለበት። ከመጠጡ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የምንፈልገው።"

ካሴ፣ እዚህ ላይ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋተኛነትህ የሰው ወሬ ነበር። እናቴ መጥታ "ልጄ ጤነኛ ነበር" ብትልስ? ያን ጊዜ በሐኪም ቃል ይጸናብሃል፤ እኔም የምጽፍልህ ነገር አይኖረኝም። ስለዚህ እናቴን ላመጣ አልቸኮልኩም። ጉልበቴን አመመኝ ትላለች፣ መንገዱ ሰላም አይደለም፣ የአዝመራ ጊዜ ነው እያልኩ ቆየሁ። ረስቼውም አይደለም። ለዚህ ነገርስ አልረሳሁም። በመጨረሻ ገነት ራሷ ሄዳ በሚኒባስ አመጣቻት።

እናቴ አልጣሽ ዶክተር ፅጌ ፊት ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ገና ሳትጠየቅ ጀመረች።

"አንች ልጄ፣ እኔ የምነግርሽ እግዜር የሚያውቀውን ነው። ይህ ልጄ አብሾውን እስኪያጠጡት ድረስ አንድ እንከን ያልነበረበት፣ እንደ ወርቅ የጠራ ልጅ ነበር!"

የፈራሁት ደረሰ። ዶክተሯ ግን አልተቸገረችም።

"ጎሽ። ልጅ እያለ ቁጭ በል ሲባል ቁጭ ይል ነበር፣ እናቴ?"

"ቁጭማ... ኧረ ልጅ አይደል? ልጅ ቁጭ ይላል እንዴ?"

"ሲልኩትስ?"

"እሱማ ተላላኪ ነበር! ኧረ ለመታዘዝ ማን ብሎት። አንድ ቀን ከጎረቤት እሳት ጭረህ ና ብዬ ብልከው፣ መንገድ ላይ የሙሽራ በቅሎ አይቶ፣ በቅሎዋን ተከትሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ ሄዶልሽ፣ በነጋታው ሰው ነው ያመጣልኝ።"

"እሳቱስ?"

"የምን እሳት? መጫሪያ ገሉንም አላየሁት!"

ገነት ጉንጯን ነክሳለች። እኔ መስኮቱን ላለመንካት እጄን በእጄ ይዣለሁ።

"ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱስ እንዴት ይሆን ነበር?"

"እዚያማ በመቀነቴ ከወገቤ ጋር አስሬ ነው የማስቀድሰው። ምን ላድርግ፣ ካልታሰረ ከካህናቱ እግር ሥር ይገኛል። 'የአልጣሽ ጥጃ' እያሉ ሲስቁብኝ ይኖሩ ነበር። አባቱም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ነበር፤ በሬ ጠምዶ ሁለት ትልም ሳያወጣ፣ እንደጠመደ ትቶ የሰው አጥር ሊያጥር ይሄዳል። ተከትዬ ስፈታ ኖርኩ።"

"በመቀነት ያሰሩት ጊዜ ስንት ዓመቱ ይሆናል?"

"አምስት ቢሆነው ነው። ስድስት..." አለችና አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ዶክተሯን አየቻት። እኔን አየችኝ። "ቆይ እስቲ" አለች። "ቆይ። አምስት ዓመቱ ከሆነ፣ ያን ጊዜ አብሾውን ማን አጠጣው?"

ገነት ሳቋን መያዝ አቃታት፣ ዶክተሯም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፤ እየሳቅኩ ግን እንባዬ ይወርዳል። እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና "ወየው ጉዴ፣ የሰው ልጅ በከንቱ ረገምኩ" አለች። "ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ኖርን።"

ዶክተር ፅጌ ሌላም ጊዜ ጠርታ ከመረመረችኝና ብዙ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው ነገሩን ያረጋገጠችልኝ። አንተን አልሸነግልህምና ስለ አብሾውም ያለችውን ልንገርህ። "መርዝ ነው፤ ሊገድልህ ይችል ነበር። ወይራው ላይ አለመሞትህ ዕድል ነው። የማንንም አእምሮ አይከፍትም" አለች። ያጠጣኸኝ ደግ ነገር ነበር አልልህም። ነገር ግን ያለብኝ ነገር ከዚያ በፊት የነበረ፣ ከአባቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ጽዮን የወረደ ነው። አንተ ያገኘኸኝ እንዲሁ ሆኜ ነው። የወደድከኝም እንዲሁ ሆኜ ነው።

ስለ ሕክምናው ደግሞ መቼም ሳትሰማ አትተኛም። ለጽዮን ለጊዜው ኪኒን አልተሰጣትም። መምህርቷ ከፊት አስቀመጠቻት፣ ሰሌዳ እንድትጠርግ፣ ጠመኔ እንድታመጣ ታዛታለች፤ እግሯ ሲነሣ የሚሄድበት አገኘ። እኛ ወላጆችም ሥልጠና ገባን። አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ፣ ዓይኗን እያየን፤ የሠራችውን ወዲያው ማመስገን፤ የቤት ሥራውን ቆራርሶ መስጠት። ተመራማሪዎቹ ይህ ሥልጠና እንደኛ ላለ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚረዳ ነው የሚያጠኑት። ጥናቱ ገና አላለቀም፤ ውጤቱን እንነግራችኋለን ብለዋል። የእኛን ቤት ውጤት ግን እኔ ልንገርህ። ጩኸት ቀንሷል። የዘበኛው ዶሮዎችም አርፈዋል።

እኔ ግን ደም ግፊቴን ተለክቼ፣ ልቤን ተዳምጬ፣ ጠዋት ጠዋት የምውጠው ኪኒን ተሰጠኝ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በስልኬ ደወልና በገነት ዓይን እተዳደራለሁ። ሲኖርም ምሳ ያስጠላኛል። ገነት መጀመሪያ ሽሮዋን የናቅኩባት መስሏት ተቀይማ ነበር። ዶክተሯ ከመድኃኒቱ ጋር መጠጥ ባትቀላቅል ይሻላል ስላለችኝ ደግሞ ጠላው አሁንም ቀረብኝ። አብሾው ለቀቀኝ ስል ኪኒኑ ያዘኝ።

መጀመሪያ የዋጥኩት ቀን እንደዚያ እንደ ቤተልሔሙ ሰማይ የሚከፈት መስሎኝ ነበር። ምንም አልተከፈተም። ጽዮንን ባጃጅ ላይ አስቀምጬ ወደ ትምህርት ቤት እየሄድን ስለ አንዲት ውሻ ታወራኛለች። ሁልጊዜ ታወራለች። ውሻዋ ቡችላ ወልዳ፣ ቡችላው ጉድጓድ ገብቶ፣ ውሻዋ ስትጮህ ሰው መጥቶ አወጣው። በሩ ላይ ስትወርድ ቦርሳዋን ይዛ ቆመችና አየችኝ። "አባዬ" አለችኝ፣ "ዛሬ ጨረስኩት።" ወሬዋን ማለቷ ነው። ለካ እስከዚያ ቀን ልጄ እኔ ዘንድ አንድ ወሬ ጀምራ ጨርሳ አታውቅም። ባጃጁን ጥግ አስያዝኩና አለቀስኩ። ከዚያ "ጤና ጣቢያ" ያለኝን ሰው ጤና ጣቢያ አደረስኩት።

በዚያው ሰሞን ቤተልሔም ወጣሁ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አሁንም የስንት ተማሪ ዜማ ለይቶ ያርማል። እግራቸውን ስሜ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። መቀነቱ ጋ ስደርስ ሳቃቸው መጣ። "ታስረህ የምታስቀድስ ልጅ ነበርክ? ይህን ማን ደበቀኝ? ባውቅ እንደ ካሴ እያስሮጥኩ አስቀጽልህ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ስእለትህን አነሣሁላቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦

"ስእለት በእውነት ላይ ነው የሚቆም። ያልሄደ ቀልብ እንዴት ተብሎ ይመለሳል? እሱም የሚጠብቀው የለ። ንስሐ አባቱ ጋ ይሂድና ይፍቱት፤ እኔም በበኩሌ ፈትቼዋለሁ። ካሴ ድጓውን ያቆመው የአስተምህሮ ዜማ ላይ ነው። ዘመኑም እየደረሰ ነው። ይምጣና ከተወበት ይቀጥል በለው።"

ያቆምክበትን አልረሱም፣ ካሴ። ስንት ተማሪ በእጃቸው አልፎ፣ አንተ ያቆምክበትን አልረሱም።

አሁን እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ "የእኔን ቃል ጻፍ፣ እንዳለ ጻፍ፣ እንዳታሳምረው" ትለኛለች። እነሆ፦

"ልጄ ካሴ። አልጣሽ ነኝ። ያን ቀን የተናገርኩትን ምላሴን እግዜር ይቅር ይበለው። ሳላውቅ ነው። ጥጃዬ ከጥንትም ጥጃ ነበር። ያልኩህን ሁሉ መልሼ ወስጃለሁ፤ ቀለምህ ይለምልም፣ አፍህ ይባረክ፣ እርሻህ ይያዝልህ። ጉልበቴ እንቢ ባይለኝ ሲማዳ ድረስ ወርጄ እግርህ ላይ እወድቅ ነበር። አንተ ና። በሶ አዘጋጅቼ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ ግን ጉልበቴንም ቢሆን ጎትቼ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ ታፍራለህ።"

እንደምታየው ምርቃቷም ዛቻ አለበት።

ወዳጄ፣ የምለምንህ ይህን ብቻ ነው። ለኅዳር ጽዮን ና። በዓሉ የልጄም ስም ነው፣ በዚያ ቀን ነው የተወለደች። መንገዱ ሰላም ከሆነ የሲማዳው አውቶቡስ ንፋስ መውጫ ሲገባ መናኸሪያው በር ላይ ታገኘኛለህ። ይረሳኛል ብለህ አትሥጋ፤ ደወል ሞልቻለሁ፣ ለገነትም ነግሬያለሁ፣ ለጽዮንም ነግሬያለሁ፣ እናቴ ደግሞ ያን መቀነት ከሣጥን አውጥታ ዝግጁ አድርጋለች። ከቅዳሴ በኋላ ከየኔታ ደጅ፣ ከወይራው ሥር፣ አስተምህሮውን ካቆምክበት አንሣው።

እኔ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ እሰማሃለሁ። እስክትጨርስ ልቀመጥ እሞክራለሁ። መሐል ላይ ብነሣ ግን አትደንግጥ፣ አታቁም። አብሾው አይደለም። ተፈጥሮዬ ነው፣ ወንዙ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

ጓደኛህ፣
የአልጣሽ ጥጃ፣
ምንይችል